የቃጨለው ምልክት

ማንኪያው ከእርሳስ ቀድሞ ሲቀልጥ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እርሳስ ኩሩ ነው፤ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ነው እጁን የሚሰጠው። የእማዬ የቆርቆሮ ማንኪያ ግን ማቅለጫው ውስጥ ገና ከመግባቱ እንደ ቅቤ ተዘረገፈ። እኔም "ተመስገን፣ ቸኮለልኝ" አልኩ። ሞኝ! በአቅላጭ ቤት ተወልጄ፣ በአቅላጭ ቤት አድጌ።

ጊዜ አልነበረኝማ። አባባ ጓሮ እጃቸውን እየታጠቡ ነው። አባባ ከማቅለጥ በኋላ ሲታጠቡ ሦስት ጊዜ ሳሙና ይመታሉ፣ በየመሃሉ ጥፍራቸውን በስንጥር ይፈለፍላሉ። ሁለተኛው ሳሙና ላይ ሲደርሱ የነሐሱን ቅርጽ ማውጫ ሁለት ፊት አጋጥሜ፣ አስሬ፣ በቀጭኗ ቀዳዳ አፈሰስኩ። ሦስተኛው ሳሙና። ፈታሁት። የካፖርት ቁልፍ የምታክል አንዲት ምልክት፣ በአንድ ፊቷ ጽዋ፣ በሌላው የዓመቱ ቁጥር ያለባት፣ ዱብ ብላ መዳፌ ላይ አረፈች። መዳፌን ጠበሰችው! ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ነጭ ነጭ ብላ ስላበራችብኝ በጥቀርሻ አሸሁላት። ሳይቀልጥ የተረፈውን የማንኪያውን እጀታ መጋዝ ብናኝ ያለበት ሳጥን ውስጥ ቀበርኩት። አባባ ፎጣቸውን ይዘው ሲገቡ እኔ ወለል እየጠረግኩ ነበር።

"ዛሬ ምን ነካሽ ወፌ? ሳትታዘዢ መጥረግ ጀመርሽ?" አሉ።

"ትልቅ ሰው ሆንኩ አባባ።"

ሳቅ አሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ ወዲህ የተሳቀ አይመስለኝም።

ወፌ የሚሉኝ ስለማወራ ነው፤ እንግዲህ ላውራ። ይህች ምልክት የምትባለው ነገር የመጣችው በአያታችን ዘመን ነው። ያኔ የድሮው ገዥ ሃይማኖታችንን ከልክሎ፣ ምዕመኑ ምድር ቤት ለምድር ቤት ተደብቆ ነበር የጌታን ማዕድ የሚቆርሰው። ጠቋሚ ሰርጎ እየገባ ሰው ሲያስፈጅ ጊዜ አያቴ ዘዴ አመጡ። ለእያንዳንዱ ወንድምና እህት አንዲት የእርሳስ ምልክት አቅልጠው ሰጡ፤ በር ላይ ያሳየ ይገባል፣ ያላሳየ አይገባም። በቃ። አያቴ ቢያዙ ይሰቀሉ ነበር። አባባ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ "ጠቋሚ እንዳይገባ ነው ልጄ፣ ጠቋሚ ብቻ" ይሉኝ ነበር።

ገዥው ሄደ፣ ምዕመኑ ከምድር ቤት ወጣ፣ አደባባዩ ላይ ባለ ሰፊ መስኮት አዳራሽ ሠራ። ምልክቷ ግን ቀረች። አሁን ከማዕዱ በፊት ባለው ሳምንት ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ይመረምራሉ፤ ያለፈ ምልክት ያገኛል፣ የወደቀ አያገኝም። የሚዞረው ሊቀ ሽማግሌው ነው። እኛ ልጆቹ በሌለበት አባ ቁልፍ ነው የምንለው፤ የአዳራሹን፣ የመዝገቡን፣ የምጽዋት ሣጥኑን ቁልፍ ሁሉ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ሰውየው ሳይደርስ ድምፁ ይደርሳል። በማቅለጫው ሳምንት የሱቃችንን እርሳስ ሁሉ ቁም ሣጥን አስገብቶ ይቆልፍበታል፤ ለምልክት የሚሆነውን መዝኖ ይሰጣል፣ ሲያልቅ ከነፍርፋሪው መዝኖ ይወስዳል። ታዲያ ከማንኪያ ሌላ ምን ነበረኝ?

ምልክቷ ለእትዬ ነበር።

እትዬ እህቴ ናት። እማዬ ስትሞት እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ አሥራ ሦስት። በዚያችው ማንኪያ አጉርሳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ሳወራ እሷ ትሠራለች። የአሮጊቷ አዋላጅ ረዳት ሆና ስንቱን ልጅ እንደተቀበለች ጌታ ይወቀው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ጠዋት ራሴን አሞኛል ብዬ (አላመመኝም፤ ስብከት ሰልችቶኝ ነው) ቤት ቀረሁ። እትዬ እኔን ልታስታምም ቀረች። አባባም ወገባቸው ተነስቶባቸው ላይኛው ክፍል ተኝተው ነበር። የጓሮው በር ተንኳኳ። ስከፍት ልብስ አጣቢዋ ናት፤ ባል ሳይኖራት አርግዛ ከማዕድ የተከለከለችው። የበሩን መቃን ይዛ አጎንብሳለች። እትዬ አንዴ አየቻትና፣

"ወፌ፣ እሳት!" አለችኝ።

የእሳት መጫሪያ ባልጩቱን አነሳሁና ቀጥ አልኩ። በእሑድ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ እሳት አይነድማ! ሕግ ነው። "እትዬ፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው" አልኳት።

"እሱን ለሕፃኑ ንገሪው!" ብላ ባልጩቱን ከእጄ መንጭቃ ራሷ አነደደች። ውሃ ፈላ፣ ጨርቅ ተቀቀለ፣ ልጁ ተወለደ። ወንድ። ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ የሚል። ከሰዓት በኋላ እናትየውን ደግፈን ቤቷ አደረስናት፣ አመዱን ጠረግን፣ ማንም አላየም ብለን ተገላገልን።

የማዕዱ ሳምንት ደረሰና ሐሙስ ዕለት አባ ቁልፍ ለምርመራ መጣ። ገበታው ራስጌ ተቀምጦ የምልክቱን ሣጥን ፊቱ አስቀመጠ። እኔን "አሥርቱን ትዕዛዛት በይ" አለኝና አልኩ፣ ምልክቴን ወሰድኩ። ወደ እትዬ ዞረ።

"በጌታ ቀን በዚህ ቤት እሳት አንድደሻል?"

ክው አልኩ። እትዬ ግን "አንድጃለሁ ጌታዬ" አለች።

"የሚያስገድድ ነገር ሲመጣ የሽማግሌ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ፈቃድ ሰጪዎቹ ሁላችሁም ስብከት ላይ ነበራችሁ።"

"ልከሽ ማስጠራት ነበረብሽ።"

"ጌታዬ፣ ሕፃን ማመልከቻ አስገብቶ አይወለድም።"

ሳቄ አመለጠኝ። አባባ አፈጠጡብኝ።

አባ ቁልፍ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። "ነገሩን አናክብደው" አለ። "አጥፍቻለሁ በይና ምልክትሽን ውሰጂ። አንዲት ቃል ናት።"

"ያጠፋሁት ሞልቷል" አለች። "እቆጣለሁ፣ እቀናለሁ፣ ጸሎቴን እረሳለሁ። ስለሱ ሁሉ በጉልበቴ ልንበርከክ። ስለ ሙቅ ውሃው ግን አልልም። ብል ጌታን በአፌ የሸነገልኩት ነው የሚመስለኝ።"

ሣጥኑ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። "እንግዲህ ይህ የአቅላጭ ቤት ነው። ምልክት የሌለው ሰው በዚህ ጣሪያ ሥር እንደማያድር ታውቂያለሽ። እሑድ ከማዕዱ ከቀረሽ እሑድ ማታ ሌላ ቤት ነሽ።"

አባባን አየኋቸው። ጥፍራቸውን እያዩ ነበር።

ማን ነገረባት? ሦስት ቀን ሙሉ አንጀቴ አረረ። ዳቦ ጋጋሪዋ ናት አልኩ፤ ግድግዳ ነው የሚለየን፣ አፍንጫዋ ደግሞ ከግድግዳ ያልፋል። አርብ ዳቦ ልገዛ ሄጄ "ምላስሽ ዱቄት ይሁንና!" ብያት ወጣሁ። ሴትየዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ምስኪን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አባ ቁልፍ የመጨረሻዎቹን ምልክቶችና ቅርጽ ማውጫውን ተቀብሎ ሲሄድ ወደ መኝታ ክፍላችን ሮጥኩ። እትዬ ሁለት ቀሚሷን አንሶላ ላይ ዘርግታ ልትጠቀልል ነው። እጇን ይዤ ምልክቷን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ምልክትሽ ነዋ!"

"ማን ሰጠሽ?"

ለዚህ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር፤ እኔ ደግሞ ቃል አጥቼ አላውቅም። "አባባ ናቸው" አልኩ። "ሽማግሌዎቹን ለምነውልሽ። ግን እንዳታነሺባቸው፤ ታውቂያቸው የለ፣ ያፍራሉ።"

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እማዬ ስትሞት አልቅሳለች ይሉኛል፣ እኔ አላስታውስም። "አባባ ስለኔ ለመኑ?" አለች። "ሳልጠይቃቸው?"

"ሳትጠይቂያቸው።"

"ጸጋ ማለት እኮ ይኸው ነው ወፌ። እኔ እምቢ ብዬ ተገትሬ፣ እሳቸው ሄደው..." አልጨረሰችውም። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። የተቃጠለውን መዳፌን ከኋላዬ ደብቄ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን አደባባዩን ስንሻገር እትዬ የአባባን ክንድ ያዘች። አባባ እንደ እንጨት ደረቁ፣ ከዚያ ለስለስ አሉ። ንስሐ ልትገባ የመጣች መስሏቸው ነበር። "ጎሽ ልጄ" አሏት ቀስ ብለው። እሷም ስለ ሌላ ነገር መስሏት እጃቸውን ጨበጥ አደረገች። እኔ መሃላቸው እየሄድኩ ስለ አየሩ አወራለሁ።

የአዳራሹ በር ላይ የመዳብ ሳህን አለ። ሰው ሁሉ ምልክቱን እዚያ ጥሎ ይገባል፤ ልጆች ቀድመው፣ ትልልቆች ተከትለው። ከሳህኑ በስተግራ አባ ቁልፍ፣ በስተቀኝ አቅላጩ ይቆማሉ፣ ማለትም አባባ። የኔን ጣልኩ። ጠፍ። የእርሳስ ድምፅ እንደዚያ ነው፣ እርጥብ መሬት ላይ እንደወደቀ ፍሬ። ገብቼ በሩን ከሚያሳየው የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጠፍ። ጠፍ። ጠፍ። ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች፣ አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች። ጠፍ።

ከዚያ እትዬ።

ቃጨለ! እንደ ደወል፣ እንደ ቃል ኪዳን ቀለበት፣ ሳህኑ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ቃጨለ። ቆርቆሮ እንደሚቃጭል እኔ አላውቅም? አውቃለሁ! ከአራት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ! መልኩን በጥቀርሻ ሳሽ ድምፁን ረሳሁት። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ።

አባ ቁልፍ ምልክቷን በሁለት ጣቱ አነሳ። "ይህን ማን ሰጠሽ?"

እትዬ ፈገግ እንዳለች ነበር። የሆነ ስህተት ነው ብላለች። "አባቴ ናቸዋ ጌታዬ። ስለኔ ለምነዋችሁ የለ?"

"አባትሽ?" አለ አባ ቁልፍ። ደነገጠ እንጂ ሊያሾፍ አልነበረም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። "አባትሽማ ስለ እሳቱ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ቤቴ ድረስ መጥተው። ማንም ሳይጠይቃቸው።"

ሳይጠይቃቸው። ያችው ቃል።

እትዬ ወደ አባባ ዞረች። ፈገግታዋ እዚያው ፊቷ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ለማንሳት ጊዜ አላገኘችም። አባ ቁልፍ ምልክቷን ለአባባ ሰጣቸው። "አቅላጭ፣ ከእጅዎ የወጣ ነው?"

አባባ ገለበጧት፣ በጥፍራቸው ቧጨሯት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጣታቸው መቷት። አቅላጭ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አወቁ፦ ቆርቆሮውን፣ ማንኪያውን፣ ማን ሲጠርግ እንደነበረ። ዓይናቸው ለአንድ አፍታ በሩን አልፎ እኔ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ተመለሰ።

"ከእጄ አልወጣም" አሉ።

አልዋሹም። አባባ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ጣጣው ይኸው ነው።

እትዬም ያን ጊዜ እኔን አየችኝ። መዳፌን ጭብጥ አድርጌ አፌን ከፍቻለሁ። ወፌ፣ ወሬኛዋ፣ ቃል አጥታ የማታውቀው። ተነሺ! አልኩ ለራሴ። በይ! እኔ ነኝ በይ! አልተነሳሁም።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች እትዬ።

"አሁን አባቴ አላልሽም?" አለ አባ ቁልፍ።

"ዋሸሁ" አለች።

ስለ ሙቅ ውሃ አጥፍቻለሁ ማለት እምቢ ያለችው እህቴ ናት ይህን ያለችው፤ ምዕመኑ ሁሉ እየሰማ። ነጠላ ጫማዋ ደረጃው ላይ ሲወርድ ሰማሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ አደባባዩ ዋጠው። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ከተከለከለችዋ ጋር መዋል ይኸው ነው መጨረሻው" አለች። በሩ ተዘጋ።

የዕለቱ ስብከት ስለ ጸጋ ነበር። እየቀለድኩ አይደለም።

ዳቦው ሲዞር ወሰድኩ። ምልክቴ እውነተኛ እርሳስ ነበራ! ቆርሼ አፌ ከተትኩት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ከዚያ በፊት እግዜር ያውቃል ሽው እንኳ ብሎብኝ አያውቅም። ማንኪያ አቅልጬ፣ እጄን ጠብሼ፣ ዋሽቼ፣ ሁሉን ሳደርግ፣ የራሴ ምልክት ከሐሙስ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እንኪ ብላት አለቀ! የውሸቷን ለእሷ፣ የእውነቷን ለራሴ።

ቤት ስንደርስ የእትዬ ሁለት ቀሚሶች ከቦታቸው የሉም። ወዴት እንደሄደች ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ እሷን በሩን ከፍቶ የሚያስገባ በከተማው አንድ ቤት ብቻ ነው፣ እዚያም ሕፃን አለ። አባባና እኔ ትናንት የተቀቀለ ድንችና ትናንት የተጋገረ ዳቦ ይዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ እሑድ ነዋ፣ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። አባባ ተነስተው ወደ ሱቁ ሄዱ። ተመልሰው የማንኪያውን እጀታ፣ መጋዝ ብናኙ እንኳ ሳይራገፍለት፣ ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጡት።

"እጅሽን አምጪ" አሉ።

ሰጠኋቸው። መዳፌን ዘርግተው ቁስሉን አዩ፣ ቅባት አምጥተው በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ቀቡኝ። እንደ ድሮው። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

"ያውቁ ነበር" አልኳቸው። "እኔ እንደሆንኩ እያወቁ እሷ ስትሸከመው ዝም አሉ።"

"እሷ አስቀድሞ ወድቃለች። አንዷን እንኳ ላትርፍ ብዬ ነው።"

"እሳቱንስ? ማንም እኮ አላየም አባባ! ማንም አልጠየቀዎትም!"

"ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መጠየቃቸው አይቀርም። የአያትሽን ቅርጽ ማውጫ በዚህ እጄ ይዤ ነገር ልደብቅ?"

"አያቴ ምልክቱን የሠሩት ማን እንዳይገባ ነበር?"

አውራ ጣታቸው መዳፌ ላይ ቆመ።

"እርስዎ ነዎት እኮ የነገሩኝ፤ እየተንቀጠቀጡ። ማን እንዳይገባ ነበር?"

እጄን ቀስ ብለው ገበታው ላይ አስቀመጡት፣ እንደሚሰበር ነገር።

ተነሳሁ። ከመደርደሪያው ላይ ባልጩቱን አወረድኩ። ትልቁን ድስት ከእንስራው ሞላሁ።

"ወፌ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሙቅ ውሃ ልወስድላቸው ነው። ሕፃን ይታጠባል።"

"ዛሬ እሑድ ነው!"

"እሱን ለሕፃኑ ይንገሩት።"

በመጀመሪያው አልያዘም። በሁለተኛውም። እጄ ቅባት ነበራ። በሦስተኛው ጭራሮው ያዘ፣ ከዚያ ፍልጡ። አባባ መስኮቱን ሊዘጉ ሮጡ። "ጭሱ ይታያል! ልጄ፣ ጭሱ ይታያል እኮ!"

"ይታይ።"

ታየም። በዚያ ከተማ ካለው የጭስ ማውጫ ሁሉ የሚጨሰው የኛ ብቻ ነበር። አባባ መሃል ወለሉ ላይ ቆመው እሳቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና እሳቱን። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ማን ያውቃል፣ አንድ ፍልጥ ይጨምሩልኛል ብዬም ጠበቅኩ። ልጅ ነኛ።

ከእጃቸው ላይ ቅባቱን በፎጣ ጠረጉ፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። ከዚያ ባርኔጣቸውን ከማንጠልጠያው አወረዱ።

ወዴት ነው አላልኳቸውም፤ የአባ ቁልፍን ቤት መንገድ ያውቁታል። ውሃው መፍላት ጀምሮ ነበር።